ፔቱኒያዬ ለምን እንደ ሰላጣ ጉች ብሎ ቀረ?

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ነኝ። ጥያቄዬ ስለ ፔቱኒያ ነው፤ ያ ከበረንዳ ላይ ወደ ታች የሚንዠረገገው ዓይነት። ባለፈው ክረምት እህቴ ከውጭ ስትመጣ አንድ ፓኬት ዘር ይዛልኝ መጣች። ሐምራዊ ነው፣ ዌቭ ይሉታል። ፓኬቱ ላይ ያለው ፎቶ አንድ ተክል ብቻውን ገንዳ ሞልቶ ሲፈስ ያሳያል። ግማሹን ለጎረቤቴ ሰጠኋቸው። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው።

መስከረም አጋማሽ ላይ ዘራን። አፈሩ አንድ ነው፤ ከእኔ ጓሮ ቀይ አፈር፣ ከእሳቸው ጓሮ የበሰበሰ ፍግ፣ ትንሽ የወንዝ አሸዋ ቀላቅለን ተካፈልን። መትከያውም አንድ ነው፤ ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን፣ ከወገቡ ተቆርጦ ታቹ የተበሳ። ፀሐዩም ያው ነው። በመካከላችን ያለው አንድ አጥር ብቻ ነው።

አሁን ጥር ገባ። የእትዬ ፔቱኒያ ሁለት ክንድ ወርዶ ሐምራዊ ሆኗል፤ መንገደኛ ቆሞ ፎቶ ያነሣል። የእኔ ጤነኛ ነው። አረንጓዴ ነው። ቅርንጫፉም ብዙ ነው። ግን ጀሪካኑ አፍ ላይ ተለጥፎ እንደ ሰላጣ ጉች ብሏል። አይወርድም፣ አያብብም፣ አንዲት እምቡጥ እንኳ የለውም። እትዬን ምሥጢሩን ብጠይቃቸው ጠዋት ጠዋት እንደሚያነጋግሩት ነገሩኝ። እኔም ሳነጋግረው ከረምኩ። የምታውቁ ካላችሁ በሉኝ።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ እስከ መጋቢት ድረስ 23 መልስ መጣ። እንደ አመጣጣቸው ልንገራችሁ። የማንንም ቃል በቀጥታ አላሰፍርም፤ አንዳንዱ ባይደገም ይሻላል።

1ኛው ከባሕር ዳር ነው። ጨዋ ሰው ነው፣ ሰላምታው ብቻ ሦስት መስመር ፈጀ። ፔቱኒያ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ካላገኘ አበባ እንደሚሰስት ጽፎ በረንዳዬ ወዴት እንደሚያይ ጠየቀኝ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ጥላ እንደማያርፍበት መለስኩለት። እንግዲያው ሌላ ምክንያት እንደሚኖር፣ እሱ ግን እንደማያውቀው ተናግሮ ተሰናበተ። የማያውቀውን አላውቅም የሚል ሰው በዚህ ውይይት ውስጥ ከዚያ በኋላ አልተገኘም።

2ኛዋ ከፍኖተ ሰላም ናት። ጥፋቱን ውሃ ላይ ጣለችው። ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ መክተት ነው፤ ደረቅ ከሆነ ማጠጣት፣ ርጥብ ከሆነ መተው። መደብ ላይ የተተከለው በሳምንት አንዴ ሁለቴ ይበቃዋል፤ የተንጠለጠለው ግን በበጋ ነፋስ በየቀኑ ይጠማል። ክረምት ሲገባ እሷ ጀሪካኑን ከጣራው ክፈፍ ሥር ታስገባዋለች። የሐምሌ ዝናብ አበባውን እንደ ተነከረ ሶፍት ያደርገዋል፣ ከዚያ ግራጫ ሻጋታ ይከተላል። ለክረምት ያዝኩት። ለጥያቄዬ ግን አልሆነም።

3ኛው ረጅም ነበር፤ ለእኔ ባይሠራም ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው ከቢቸና ነው፣ ቦታው ዋልካ። ፔቱኒያውን በር ላይ መደብ ሠርቶ፣ በተክልና በተክል መካከል አንድ ክንድ ገደማ ትቶ ተከለው። በወሩ አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆነ። ቢጫነቱ ግን የተለየ ነው፤ የቅጠሉ ደም ሥሮች አረንጓዴ ሆነው ቀርተው በመካከላቸው ያለው ብቻ ነጣ፣ ልክ እንደ መረብ። ዩሪያ ጨመረበት፣ ምንም። ውሃ ጨመረበት፣ ባሰበት። በኋላ ግብርና የተማረ ዘመዱ ቅጠሉን ብርሃን ላይ ይዞ አየለት። ናይትሮጅን ቢጎድለው ኖሮ ቢጫው ከአሮጌው ቅጠል ይጀምር ነበር። ከአዲሱ ከጀመረ የጎደለው ብረት ነው። ብረት ደግሞ መሬቱ ውስጥ የለም ማለት አይደለም፤ ኮምጣጣ ባልሆነ አፈር ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል፣ ፔቱኒያም የተቆለፈውን በማውጣት ደካማ ነው። የሚስማማው ፒኤቹ፣ ማለትም የኮምጣጣነቱ መለኪያ፣ ከ5.5 እስከ 6 የሆነ አፈር ነው። ሰውየው ዋልካውን ተወው። ሁለት ጆንያ ቀይ አፈር በባጃጅ አስጭኖ መጣ፤ ባለባጃጁ ነገሩን ለከተማው ሁሉ አዳረሰው። ያን የመሰለ ጤፍ በሚያበቅል መሬት ላይ ተቀምጦ አፈር ያስጭናል ተብሎ ተሳቀበት። ከዚያ ወዲያ የወጣው ቅጠል ግን ሁሉም አረንጓዴ ነው።

4ኛዋ ከእንጅባራ ናት፣ የቢቸናውን አንብባ ነው የገባችው። እነሱ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መሬቱ ኮምጣጣ ሆኖ እህል እምቢ ስለሚል ገበሬው ኖራ ይበትናል። እሷ የአበባ መደቧን ኖራ እንዳይነካው ትጠብቃለች። አፈራቸው ሲመሰገን መስማቷ የመጀመሪያዋ መሆኑንም ጽፋለች። ቀጥላ ቁም ነገር አነሣች። ፔቱኒያ የድንች፣ የቲማቲም፣ የቃሪያና የትምባሆ ዘመድ ነው። የድንችን ቅጠል አጥቁሮ በጥቂት ቀን ማሳ የሚያወድመው በሽታ ፔቱኒያንም ይይዛል። ስለዚህ ድንች ያለበት ጓሮ ላይ ራቅ ተደርጎ ይተከል ነው ምክሯ። የሚያጨስ ሰውም እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ችግኙን ባይነካ ይሻላል፤ የትምባሆ ቫይረስ በእጅ ይተላለፋል። እዚህ ላይ ሁለት ሰዎች ሲጋራ ስለ ማቆም ወሬ ጀመሩ። 5ኛውና 6ኛው እነሱ ናቸው። አንዱ የተሳካለት ይመስላል።

7ኛው ሲገባ ድምፁ ተለወጠ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ፍግ አብዝቼ ቅጠል እንዳሰባሁ፣ ይህንንም ልጅ እንኳ እንደሚያውቀው፣ መጠየቄ እንዳስገረመው ጻፈ። አነጋገሩ ይቆረቁራል እንጂ ሐሳቡ መሠረት አለው፤ ናይትሮጅን የበዛለት ተክል ቅጠሉን ያበዛል፣ አበባውን ያዘገያል። ግን እኮ የእትዬም ጀሪካን ያንኑ ፍግ ነው የበላው። ይህን ብነግረው እኩል ማካፈሌን ተጠራጠረ። አካፋውን የያዝኩት እኔ ስለነበርኩ ክርክሩን ተውኩት።

8ኛው ጭራሽ ከመንገድ ወጣ። አደይ አበባ በፈላበት አገር ለፈረንጅ አበባ ማልቀስ ምን ይሉታል ነው ነገሩ። 9ኛው ተደርቦ ገበሬው ማዳበሪያ ፍለጋ እየተንከራተተ ዩሪያ ለአበባ መስጠት ነውር መሆኑን ጻፈ። ያነጣጠረው የቢቸናው ሰው ላይ ነው። ይሄኛው ከበደኝ፤ እውነትም ስላለበት ነው የከበደኝ። የቢቸናው ሰው በ10ኛው ተመለሰ። የጨመረው አንድ ማንኪያ መሆኑን፣ አባቱም ገበሬ መሆናቸውን፣ ወረፋውን እሱም ቆሞ እንደሚያውቀው በትሕትና አስረዳ። ከዚያ ሦስት ቀን ማንም አልጻፈም።

ዝምታውን የሰበረችው 11ኛዋ፣ የደጀኗ ናት። ፔቱኒያ ከደቡብ አሜሪካ መምጣቱን አልካደችም፤ ስሙ ራሱ እዚያ አገር ትምባሆን ከሚጠሩበት ቃል የወጣ ነው። ነገር ግን ድንቹም፣ ቲማቲሙም፣ በቆሎውም፣ በርበሬውም የመጡት ከዚያው ከአሜሪካ ምድር ነው። የመጣውን ሁሉ እንመልስ ከተባለ ፋሲካን በአልጫ ልንውል ነው። 8ኛው ለዚህ መልስ አልነበረውም። ለበርበሬ ማን መልስ አለው?

12ኛው ከቡሬ ነው። ከእትዬ አበባ ዘር ለቅሜ እንዳልደክም መከረኝ። ይህ ዌቭ ድቅል ዘር ነው፣ ልክ እንደ ቢኤች 660 በቆሎ። የዘንድሮውን አስቀምጦ ለከርሞ የዘራ ሰው ቁመቱም ቀለሙም የተዘበራረቀ ነገር ያጭዳል። በቆሎ አምራች አገር ይህን ማብራራት አያስፈልግም፤ ለአበባ ሲሆን ግን ሁሉም ይረሳዋል። ይልቅ ቁርጥ መውሰድ ነው። አበባ ያልያዘውን ጫፍ እስከ 10 ሳንቲሜትር ቆርጦ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፎ፣ ርጥብ አሸዋ ላይ መትከል። በሁለት ሦስት ሳምንት ሥር ያወጣል። ዘሩማ አቧራ ማለት ነው፤ በአንድ ግራም ውስጥ ወደ 10,000 ገደማ ፍሬ ይገኛል። ብርሃንም ስለሚፈልግ አፈር አይለብስም። ይህችን በራሴ ላይ አይቻታለሁ። መስከረም ላይ የመጀመሪያውን ረድፍ እንደ ጎመን ዘር አፈር አልብሼው አንድም ሳይወጣ ቀረ። የቀረውን ላዩ ላይ ነስንሼ፣ በፌስታል ሸፍኜ፣ ቤት ውስጥ መስኮት ሥር ሳስቀምጠው ነው በ10 ቀን ብቅ ያለው።

በቆሎ መነሣቱ ሌላ በር ከፈተ። 13ኛው ሞጣ ላይ ባዮሎጂ ያስተምራል፤ የተረከው ታሪክ ከእኔ ጥያቄ ጋር አይገናኝም፣ ግን አልዘለውም። በፈረንጆች 1980ዎቹ ጀርመን ውስጥ ተመራማሪዎች አንድ የበቆሎ ዘረመል ፔቱኒያ ውስጥ አስገብተው ብርቱካናማ አበባ አወጡ። ለምርምር እንጂ ለገበያ አልነበረም። በ2015 አንድ ፊንላንዳዊ የዕፅዋት ሊቅ ሄልሲንኪ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሲያልፍ ብርቱካናማ ፔቱኒያ አየ። ነገሩ ስላልተዋጠለት ቆንጥሮ ወስዶ መረመረው። የበቆሎው ዘረመል ውስጡ ቁጭ ብሏል! እንዴት አምልጦ አበባ ሻጭ ዘንድ እንደደረሰ ሳይታወቅ ስንት ዓመት ተሽጧል። በ2017 አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ብዙ ዓይነት ፔቱኒያ ከገበያ ተሰብስቦ እንዲጠፋ ተደረገ። 14ኛዋ ይህን አንብባ ደነገጠች። በረንዳዋ ላይ ያለው ፔቱኒያ የባሏን በቆሎ እንዳያበላሽ ፈራች። መምህሩ በ15ኛው አረጋጋት፤ ሁለቱ እንኳን ሊዳቀሉ በዘር ሐረግ ሰላምታም የላቸው።

እኔ በዚህ ጊዜ ጥያቄዬን ራሴ ረስቼው ነበር።

16ኛው አንድ መስመር ነው። ባሕር ዳር ዙሪያ አበባ እርሻ ውስጥ ሠርቶ የወጣ ሰው ነው የጻፈው። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእትዬ በረንዳ ሌሊቱን የሚያድር መብራት እንዳለ።

አለ። ከሁለት ዓመት በፊት ሌባ አጥር ዘሎባቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ የበረንዳው አምፖል አይጠፋም። የተሰቀለው ምሰሶው ላይ ነው፣ ከጀሪካኑ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ። የእኔ በረንዳ አምፖል ከተቃጠለ ደግሞ ዓመት አልፎታል። ስልኬን ይዤ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

በ17ኛው ሙሉውን አስረዳኝ። ሐምራዊው ዌቭ በፈረንጆች 1995 አሜሪካ ውስጥ ተሸልሞ የወጣ ነው፣ የበጋ ቀናቸው 15 ሰዓት ለሚደርስ አገሮች የሚመች። ቀኑ ከ13 ሰዓት ካልበለጠ አበባ የማውጣት ሐሳብ የለውም፤ ግንዱንም አያስረዝምም፣ መሬት ላይ ተለጥፎ ቅርንጫፍ ብቻ ያበዛል። ያ የእኔ ሰላጣ ማለት ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ደግሞ ረጅሙ ቀን፣ የሰኔው፣ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው። በታኅሣሥ ወደ 11 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ተክሉ የሚቆጥረው ደግሞ ቀኑን ሳይሆን የጨለማውን ርዝመት ነው። ጨለማው ለሁለት ከተሰበረ ይታለላል። እርሻው ውስጥ ጂፕሶፊላን፣ ያችን እቅፍ አበባ መሐል የምትገባ ጥቃቅን ነጭ፣ እንዲሁ ነበር የሚያደርጓት። በየመስመሩ አምፖል ይሰቀላል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ይበራል፤ ከሩቅ ያየ ሰው ሠርግ ቤት ይመስለው ነበር። ለእኔም ሌሊቱን ሙሉ ማብራት አያስፈልገኝም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይበቃል።

18ኛው የ7ኛው ሰው መመለሻ ነው፣ ተቆጥቶ። እናቱ ደንበጫ ላይ ስንት ዘመን ፔቱኒያ ሲያሳድጉ አምፖል የሚባል ነገር ሰቅለው አያውቁም፣ አብቦ ነው የሚከርመው። ይህ ሁሉ የእርሻ ቤት ፉከራ ነው። የእርሻው ሰው በ19ኛው አልተቆጣም። የእናቱ ፔቱኒያ ቀጥ ብሎ የሚቆመው፣ ቀለሙ የተቀላቀለው የድሮው ዓይነት እንደሆነ ጠየቀው። ያኛው ቀን ሲረዝም ይፈጥናል፣ ሲያጥር ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ከዌቭም ቢሆን ኢዚ ዌቭ የሚሉት እንዲህ አይግደረደርም። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለ አንድ ተክል አይደለም። 7ኛው ሰው አልመለሰም። እኔ እንደተቀበለ ቆጠርኩት።

20ኛዋ የዳንግላ እናት ናቸው፣ አጻጻፋቸው እንደ ደብዳቤ ነው። እትዬ ግቢ ውስጥ ፖይንሴቲያ ካለ ሄጄ እንዳየው አዘዙኝ። በገና ሰሞን የጫፉ ቅጠል ቀይ የሚሆነው ነው። እሱ ከፔቱኒያ ተቃራኒ ነው፤ ሌሊቱ ሲረዝምና ጨለማው ሳይሰበር ነው የሚቀላው። እሳቸው ቤት የመንገድ መብራት የተተከለ ዓመት ዛፋቸው መቅላት አቁሟል።

አለ እኮ። በሩ ጥግ፣ ከአጥሩ የሚበልጥ። ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ፣ አላየሁትም። ጥር ነው፣ መቅላት ያለበት ጊዜ ነው። ወደ መንገዱ ያዘነበለው ወገን እንደ ደም ቀልቷል። ወደ አምፖሉ ያለው ወገን ግን አረንጓዴ ነው፣ አንድም ቀይ ቅጠል የለበት። ዛፉን መሐል ለመሐል በቢላ የከፈሉት ይመስላል። እትዬን ስጠራቸው ነጠላቸውን እያጣፉ መጡ። ያን ወገን ዓይን በልቶት ነው የሚመስላቸው፤ አጥር ጥግ ቀበርቾ ሁሉ አጭሰውለታል። አምፖሉን ሳሳያቸው ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ ፔቱኒያው ዞረው አነጋገሩት። ምን እንዳሉት አልሰማሁም።

21ኛው ያው የማዳበሪያው ተቆጭ ነው። አሁን ደግሞ አገር በጨለማ ተቀምጦ ለአበባ መብራት ማብራት አናደደው። ሒሳቡን ሠራሁለት። ባለ 10 ዋት አምፖል በቀን 4 ሰዓት፣ በወር 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንድ እንጀራ ምጣድ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የሚበላው ነው። ይህም አልበቃው ይሆናል፣ ግን ዝም አለ።

22ኛው የራሴ ነው፣ መጋቢት መግቢያ ላይ የጻፍኩት። አምፖል ገዛሁ፣ ሰቀልኩ፣ ሰዓት ቆጣሪ ሶኬት አጥቼ ራሴ እየተነሣሁ አጠፋለሁ። ሌሊቱን ደብተር ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ከ40 ሌሊት 11ዱን መብራት አልነበረም። ቢሆንም በአምስተኛው ሳምንት መሐሉ ቀና አለ። ቅርንጫፎቹ ከጀሪካኑ አፍ ወጥተው ወደ ታች መታጠፍ ጀመሩ። ትናንት ጠዋት ወደ አምፖሉ ባለው ጫፍ ላይ፣ ሙጫ የነካው በሚመስል ቅጠል መሐል፣ እንደ ተጠቀለለች ጃንጥላ ያለች እምቡጥ አየሁ። ጫፏ ሐምራዊ ነው። በጣቴ ነካሁት፣ ተለጠፈብኝ።

23ኛው የእትዬ ነው፣ የልጅ ልጃቸው ጻፈችላቸው። ለካ ከመጀመሪያው ጀምሮ እያነበበችላቸው ኖሯል፣ ሰላጣ ያልኩትንም ጭምር። ውሻ ገዝተዋል። አምፖሉን ከአሁኑ አጥፍተውታል፤ መስከረም ላይ ቢረሱትስ፣ ለመጪው ገና ዛፋቸውን በሁለት ወገን ቀይ ማየት ይፈልጋሉ። ፔቱኒያቸው ግን ጨለማ ውስጥ እንዳይቀር ከእኔ ዘንድ እንዲያድር ለመኑ። ጀሪካኑን ማታ ተሸክመን አሻግረን ከእኔው ጎን ሰቀልነው። ጠዋት ጠዋት ለማነጋገር በአጥሩ በኩል ይመጣሉ።